መጀመሪያ የሽያጩ ቀን፣ ከዚያ ዘሩ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በአንድ ኮሌጅ የአትክልትና አበባ ልማት ተማሪ ነኝ። አራት ሆነን በተማሪዎች የአበባና የግሪን ሀውስ ተክል ማልማትና መሸጥ ውድድር ተመዝግበናል። ኮሌጃችን ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ግሪን ሀውስ አሳድገን ታህሳስ 20 ደሴ ላይ ለሕዝብ እንሸጣለን፤ ዳኞችም ይጠይቁናል። ጽጌረዳ ልንተክል አስበናል። ጓደኞቼ ግን «ወሎ ውስጥ የአበባ ሥራ የለም፣ ጊዜሽን አታጥፊ» ይሉኛል። ምን እንትከል? ለሥራስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጽጌረዳውን ለዚህ ውድድር ተዉት። ከቁራጭ ተነስቶ ለገበያ የሚበቃ የፖት ጽጌረዳ በቀራችሁ ጊዜ መድረሱ አስተማማኝ አይደለም። ያደገውን ከሌላ ችግኝ ጣቢያ ገዝታችሁ ብታቀርቡ ደግሞ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እናንተ ምን ሠራችሁበት?» ብሎ ነው። ለእንዲህ ያለ ውድድር አንድ የሚያምር ተክል አይበቃም። በቀኑ የደረሰ፣ ቁመቱና አበባው የተመጣጠነ መቶ ያህል ፖትና ይህን የሚያስረዳ መዝገብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከታህሳስ 20 ወደ ኋላ ቁጠሩ። ማሪጎልድ በኮምቦልቻ ሙቀት ከዘር እስከ አበባ ከ9 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። አምስት ቀን መጠባበቂያ ጨምራችሁ ጥቅምት 5 ዝሩ። ዘሩ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ ወደ ፖት ይዛወራል። ፔቱኒያ ያምራል፣ ግን ረዥም ቀን የሚወድ ተክል ስለሆነ በኅዳርና ታህሳስ አጭር ቀን አበባው ይዘገይባችኋል። ክሪሳንተመም ደግሞ በተቃራኒው ነው። እኛ ጋ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ተክሉ ገና አጭር ሳለ አበባ ይይዛል። ትልልቆቹ እርሻዎች እኩለ ሌሊት አካባቢ ለጥቂት ሰዓት መብራት የሚያበሩት ይህንን ለማዘግየት ነው። መብራት ከሌላችሁ አትንኩት።

ሁሉንም ማሪጎልድ አታድርጉት። ከ120 ፖት 80ውን ማሪጎልድ፣ 40ውን የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ብታደርጉ ይሻላል። ቡና የሚያፈላ ቤት ሁሉ ጤና አዳም ይፈልጋል፤ አበባ «ቅንጦት ነው» የሚል ሰው እንኳ ለዚህ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። የጥብስ ቅጠል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ተወስዶ፣ የታችኛው ቅጠል ተላጦ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ይተከላል። ሥር ለመያዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈልግ ይህኛውን መስከረም 26 ጀምሩ።

አፈሩ ላይ አትቸኩሉ፣ ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ሊትር ለሚይዝ ፖት ሁለት እጅ ጥሩ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ አደባልቁ። ለ120 ፖት የሚረግፈውንና የሚሰምጠውን ጨምሮ 136 ሊትር ይበቃል፦ 68 አፈር፣ 34 ብስባሽ፣ 34 አሸዋ። ፍግ ከተጠቀማችሁ ሙሉ በሙሉ የበሰበሰ ይሁን። እጅ ሲገባበት የሚሞቅ ወይም የሚሸት ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ምልክቱ የሚታየው ከተዛወረ በኋላ ስለሆነ መመለሻ የለውም። የዘር ሳጥን አፈር ውስጥ ሻጋታ ካለ ቡቃያው ግርጌው ጠቁሮ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ዘሩን አራርቃችሁ ዝሩ፣ ውሃ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ለሳጥኑም እርጥብ አፈር በርሜል ላይ 80 ዲግሪ ያህል ለግማሽ ሰዓት አሙቁ። ማታ ማጠጣት ቅጠሉን እርጥብ አድርጎ ያሳድራል፤ በኅዳር ቅዝቃዜ ግራጫ ሻጋታ የሚመጣው በዚያ ነው።

ማዳበሪያ ሲነሳ ተማሪ ሁሉ ዩሪያ በእፍኝ ይበትናል። ትንሽ ፖት ይህን አይችልም። 4 ግራም ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ በሳምንት አንዴ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ስጡ፤ አበባ እምቡጥ ሲይዝ አቁሙ፤ አለበለዚያ ቅጠል ብቻ ታጭዳላችሁ።

በሽታ መለየት ላይ ዳኞች ይበረታሉ። በአሜሪካ ኤፍኤፍኤ የተባለው የግብርና ተማሪዎች ማኅበር በሚያካሂደው የአበባ ልማት ውድድር ተማሪው የተክል ናሙና አይቶ ስሙን ይለያል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ የተግባር ሥራም ይሠራል። የእናንተም ዳኞች ተመሳሳይ ነገር ቢጠይቁ አትደንግጡ። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን አንሶታል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አልተወሰደም፤ ምክንያቱ የብረት እጥረት ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በላይ ሆኖ ወይም ውሃ በዝቶ ሥሩ ታፍኖም ይሆናል። ነጭ ዝንብና ክሽክሽ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ ለሚያይ ቀድመው ይታያሉ። ቢጫ አጣባቂ ወረቀት ስቀሉና የተያዙትን በየሳምንቱ ቁጠሩ። የአበባ እርሻ ላይ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው፣ ስካውት ይባላል። በሽያጭ ሳምንት ምንም አትርጩ፤ ሕፃን የሚነካው ዕቃ ነው የምትሸጡት።

አሁን ወደ ደሴ ወደሚያወጣው ሐረጎ ዳገት። ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ይህ ማለት በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው፣ የታህሳስ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ሊኖር ይችላል። ሙቅ ግሪን ሀውስ ውስጥ የለሰለሰ ተክል ቀጥታ ተጭኖ ቢወጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ከታህሳስ 10 ጀምሮ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ውሃውን ቀንሱ፣ ፖቶቹን መጀመሪያ ጥላ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጡ። ክፍት አይሱዙ ላይ ከጫናችሁ ሸራ ይልበስ፤ በንፋስ የተሰበረ ቅርንጫፍ ማንም አይገዛም። ከሙዝ ጋር አብራችሁ አትጫኑ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ እምቡጥና አበባ ያረግፋል።

ሂሳቡን በሐቅ ሥሩ። ዋጋዎቹን በእናንተ ገበያ ተኩት፤ ለምሳሌ ያህል ለ120 ፖት 1,440 ብር፣ ለዘር 300፣ ለአፈርና ብስባሽ 500፣ ለማዳበሪያና ለመለያ ካርድ 160፣ ለመኪና 600 ብታወጡ ድምሩ 3,000 ነው። አንዱ 25 ብር ይወጣበታል ብላችሁ እንዳትጽፉ። ከ120 ውስጥ ለሽያጭ የሚበቃው 100 ቢሆን እውነተኛው ወጪ 30 ነው። የአራታችሁን ጉልበት 40 ሰዓት በ30 ብር አስቡት፣ 1,200፤ አሁን 42 ሆነ። በ35 ብር የሸጠ ቡድን 10 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፣ እውነቱ ግን በአንድ ፖት 7 ብር ከስሯል። በ60 ብር ብትሸጡ 18 ብር ይቀራችኋል። ደሴ ሰው ይከራከራል፣ ይህ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የማትወርዱበትን ዋጋ ከቤት ተስማምታችሁ ውጡ፣ አራታችሁም ተመሳሳይ ዋጋ ጥሩ። ሁለት ለሚገዛ ጥቂት ቀንሱ እንጂ ለጮኸ ሁሉ አትቀንሱ።

ሽያጩ ላይ ደንበኛው ከመጠየቁ በፊት እናንተ ጠይቁት፦ የት ያስቀምጡታል? ፀሐይ ይገባል? ማን ያጠጣል? ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ለሚያኖር ሰው ማሪጎልድ ብትሸጡለት በሁለት ሳምንት አበባው ያልቃል፣ ስማችሁም አብሮ። በየፖቱ ላይ ስም፣ የብርሃን ፍላጎትና የውሃ መጠን በአማርኛ የተጻፈ ካርድ ይኑር። ቀኑ ሳይደርስ ደግሞ ፒያሳ ያሉ ካፌዎችንና ሆቴሎችን አነጋግሩ፤ ቅድሚያ የተያዘ 20 ፖት ለዳኛ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የጓደኞችሽ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ትልልቆቹ የኤክስፖርት እርሻዎች ያሉት ዝዋይ፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱና ባሕር ዳር አካባቢ ነው፤ እነሱን የፈለገ ከቤት ርቆ መኖር አለበት። ግን ደሴና ኮምቦልቻ ሆቴል አለ፣ ሠርግ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ግቢ አለ፣ የከተማ አረንጓዴ ልማት አለ፤ ሁሉም ችግኝ የሚያሳድግና የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋሉ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ሥራ ስትፈልጊ «በውድድር ተሳትፌያለሁ» ብለሽ አትጻፊ፣ ማንም አያነበውም። እንዲህ ጻፊ፦ «በ11 ሳምንት 80 ፖት ማሪጎልድ ከዘር አሳድጌያለሁ፤ ለሽያጭ የበቃው ይህን ያህል፤ የሞተው ይህን ያህል፣ ምክንያቱም ይህ፤ የአንዱ ወጪ ይህ፣ የተሸጠበት ይህ።» ለዚህ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ደብተር ያስፈልጋል፤ የተዘራበት ቀን፣ የጠዋትና የከሰዓት ሙቀት፣ ያጠጣው ሰው ስም፣ የአጣባቂ ወረቀት ቆጠራ። ከቡድኑ አንዱ ይህን ብቻ ይያዝ፤ ብትችይ አንቺ ሁኚ። የትብብር ስልጠና ቦታ ስትጠይቂ ያንን ደብተር ይዘሽ ሂጂ፣ ፎቶ ኮፒውን ሳይሆን ጭቃ የነካውን።