ገንዘቡ «ተከፈለ» ወይስ «ተከፋፈለ»?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። በቃለ ጉባኤው «ትርፍ ገንዘቡ ለአባላት ተከፈለ» ብዬ ስጽፍ፣ ገንዘብ ያዣችን «ተከፋፈለ በል» አሉኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የገንዘብ ያዡ ይሻላል። «ከፈለ» በግእዝ አካፈለ፣ ለየ ማለት ነው፤ «ክፍል»ም የዚሁ ዘር ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ዋጋንና ዕዳን መስጠትንም ደርቦ ስለያዘ፣ «ለአባላት ተከፈለ» የሚለውን ያነበበ ሰው ዕድሩ የአባላት ዕዳ እንደ ነበረበት ሊገምት ይችላል፤ የጋራ ገንዘብ ለየባለድርሻው ሲደርስ «ተከፋፈለ» ማለቱ ይህን ብዥታ ያጠራዋል። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ግን በመተዳደሪያ ደንቡ የተቆረጠ ግዴታ ነውና ያለ ስጋት «ተከፈለ» ብለው ይጻፉ። «ታደለ» የሚለውን፣ ከ«ዕድል» ጋር ያለው ዝምድና ደስ ቢያሰኘኝም፣ ለሒሳብ መዝገብ አልመርጠውም፤ ለእህልና ለልብስ ይስማማል።