የሩዝ ጂን ብቻውን አይሠራም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የፎገራ ልጅ ነኝ፤ ባዮሎጂ እማራለሁ። የአባቴ ሩዝ ዘንድሮ ዘግይቶ ዛላ አወጣና ብርድ መታው። ሩዝ እንዲያብብ የሚያደርግ ኤችዲ1 የሚባል ጂን እንዳለ ተምረናል። ታዲያ እሱንና ሌሎች ጥሩ ጥሩ ጂኖችን ሰብስቦ አንድ ዝርያ ውስጥ ማስገባት ለምን አስቸገረ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር በጣም አሳዘነኝ። ብርድ የመታው ዛላ ያስታውቃል። ፍሬ የያዘው አንገቱን ሲደፋ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣት ሲጫኑት ቅርፊቱ ባዶ ነው። ዛላው ገና ከቅጠሉ ሽፋን ሳይወጣ ብርዱ የአበባውን ብናኝ ስለሚያበላሸው ነው።

ወደ ጂኑ ልምጣ። ኤችዲ1ን በፈረንጆቹ 2000 ጃፓኖች ለይተው አወጡት። ቀኑ አጭር ሲሆን ሩዙ ቶሎ እንዲያብብ ያደርጋል። ቀኑ ሲረዝም ግን ያው ጂን ይገለበጥና ማበቡን ይከለክላል። ምክንያቱ ሌላ ጂን ነው፤ በ2008 ቻይና፣ ዉሃን ውስጥ የተለየው ጂኤችዲ7። በረጅም ቀን የሁለቱ ፕሮቲኖች ይጣመሩና የማበብን ትእዛዝ የሚያስጀምረውን ሦስተኛ ጂን ያፍኑታል። ጂኤችዲ7 በማይሠራበት ሩዝ ላይ ደግሞ ኤችዲ1 በረጅም ቀንም ማበብን ያፋጥናል።

«እንግዲያው ጂኤችዲ7ን እናስወግደው» እንዳትለኝ! ዛላውን ትልቅ፣ ፍሬውንም ብዙ የሚያደርገው እሱው ነው። በሰሜን ጃፓን ባለችው ሆካይዶና በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ብርዱ ቶሎ ስለሚገባ የማይሠራውን ዓይነት የያዙ ዝርያዎች ይዘራሉ። ሞቃት አገር ያለው ገበሬ ጊዜ ስላለው ጠንካራው ዓይነት ይጠቅመዋል።

ፎገራ ከሁለቱም ይለያል። ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ ቦታው ግን 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ቅዝቃዜ ራሱ ማበብን ያዘገያል። ስለዚህ ሌላ አገር የተመሰገነ ጂን እናንተ ጋ ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚገጥም፣ አየሩስ ምን እንደሚያደርገው በወረቀት አይታወቅም። ማዳቀሉም መምረጡም እዚያው ጭቃው ውስጥ መሠራት አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ለአባትህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ከተመታው ማሳ ፍሬ የሞሉ ዛላዎች ካሉ ለብቻ ያስቀምጡ። በመጪው ክረምት ከቀረው ዘር ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን ይዝሯቸው። ያኔ ብርዱን ያስቻላቸው ዘራቸው ይሁን የቆሙበት ቦታ መለየት ይጀምራል። ያየኸውን ጻፍልኝ።