ድመቴ ስኳር አለበት ተባልኩ፤ ምግቡና ኢንሱሊኑ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 11 ዓመት የሞላው የተኮላሸ ወንድ ድመት አለኝ። ሰሞኑን ውኃ አልጠግብ አለ፣ የሚሸናበት አሸዋ (ሊተሩ) ቶሎ ቶሎ ይርሳል፣ እየበላም ይከሳል። ቬት ጋ ስወስደው ስኳር አለበት ተባልኩና ፕሮዚንክ የሚባል ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ አንድ አንድ ዩኒት እንድወጋው ታዘዘልኝ። የሚበላው ደረቅ ምግብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ላይ አይጠፋም። አብራኝ የምትኖረው እናቴም ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። የእሷን ሲሪንጅና መድኃኒት መጠቀም ይቻላል? ምንስ ላብላው? በሥራ ምክንያት ሰዓቱ ቢያልፍብኝስ? ክኒንስ የለውም? በጣም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትዎ ይገባኛል። ግን ይህ በቤት ውስጥ በደንብ ሊያዝ የሚችል በሽታ ነው።

ከሁሉ በፊት የእናትዎን ነገር ልመልስ፣ ምክንያቱም አደጋው ያለው እዚያ ነው። አይቻልም። ሲሪንጁም መድኃኒቱም አይቻልም። ፕሮዚንክ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት ነው ያለው። ሰዎች የሚወጉት ኢንሱሊን አብዛኛው 100 ነው። ሲሪንጆቹም የተሠሩት በዚያው ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የ40ው ክዳን ቀይ፣ የ100ው ብርቱካናማ ነው፣ ግን በቀለሙ ብቻ አይመኑ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የድመቱን መድኃኒት በእናትዎ ሲሪንጅ አንድ መስመር ድረስ ቢስቡ የሚገባው ከግማሽ ዩኒት ያነሰ ነው። የእናትዎን መድኃኒት በድመቱ ሲሪንጅ ቢስቡ ደግሞ ሁለት ዩኒት ተኩል ይሆናል፣ ይሄ ድመት ሊገድል ይችላል። እኔን ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ እናትዎ ናቸው። ተሳስተው የድመቱን ሲሪንጅ አንስተው 20 ዩኒት ቢስቡ ሰውነታቸው ውስጥ የሚገባው 50 ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ለየብቻ ያስቀምጡ። የድመቱን በሳጥን፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ሌላ መደርደሪያ ላይ።

ወደ ምግቡ እንሂድ። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከፕሮቲንና ከስብ ነው፣ ስታርች ለመጠቀም ሰውነቱ ብዙም አልተሠራም። ደረቅ ምግብ ደግሞ ያለ ስታርች ቅርጽ አይዝም፣ ስለዚህ ዋጋው ውድ የሆነውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ካርቦሃይድሬቱ ከፍተኛ ነው። ስኳር ላለበት ድመት የምንፈልገው ከካሎሪው ከ12 በመቶ ያልበለጠ ካርቦሃይድሬት ነው፣ ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው በቆርቆሮ በታሸገው እርጥብ ምግብ ነው። እሱም ቢሆን ይለያያል። ፓቴ የሚባለውን ለስላሳውን ይምረጡ፣ ግሬቪ ያለውን ይተዉ፣ መረቁ የሚወፍረው በዱቄት ወይም በስታርች ነውና። ኩላሊቱም ችግር ካለበት ግን ምርጫው ሌላ ስለሚሆን ሐኪሙን ይጠይቁ።

አንድ ነገር አደራ። ምግቡን ለሐኪሙ ሳይናገሩ እንዳይቀይሩ። ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኢንሱሊንም ይቀንሳል። ትናንት ልክ የነበረው ዩኒት ከሳምንት በኋላ ሊበዛበት ይችላል። ሐኪሙ ካወቀ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ይለውጡት። ማስራብም የለም! ድመት ለሁለት ቀን ያህል እንኳ ሳይበላ ከቆየ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ጉበቱ በስብ ይጨናነቃል፣ ያ ራሱን የቻለ ከባድ በሽታ ነው።

የእኛ ቤት ምግብስ? ከወጥና ከጥብስ ቅሪት አይስጡት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ቢበስሉ እንኳ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። በጾም ጊዜ ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማይገባ ለድመቱም የሽሮ ፍትፍት የሚሰጥባቸው ቤቶች አሉ። ለዚህ ድመት ግን እንጀራውም ሽሮውም ስኳር የሚጨምር ነው፣ የእሱ ቆርቆሮ በጾምም ይከፈት። ወተት ይቅር። ጥሬ ሥጋ ብቻውንም አይበቃውም፣ ካልሲየም ይጎድለዋል። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለች ትንሽ የዶሮ ሥጋ አልፎ አልፎ ብትሰጡት ችግር የለም።

መርፌው ላይ ቅደም ተከተሉን ይያዙ፦ መጀመሪያ ይብላ፣ እርስዎ ይዩት፣ ከዚያ ይውጉ። ካልበላ፣ ካስመለሰ ወይም ዝም ብሎ ከተኛ ሳይወጉ ለሐኪሙ ይደውሉ። ፕሮዚንክ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በረዶ እንዳይሆን፤ ከመሳብዎ በፊት ጠርሙሱን በመዳፍዎ መካከል ቀስ አድርገው ያንከባሉት፣ አይነቅንቁት። የጎኑን ቆዳ ከፍ አድርገው ከሥሩ ይውጉ፣ በየጊዜው ቦታ ይቀይሩ። መርፌው ቀጭን ነው፣ አፉ ምግቡ ላይ እያለ ብዙዎቹ ልብም አይሉት።

ሰዓቱ በየ12 ሰዓቱ ነው። አንድ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አይጨነቁ። ብዙ ሰዓት ካለፈ ያንን ይተዉት፣ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይስጡ። በፍጹም እጥፍ አይስጡ። መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ፈሶ ይሁን ገብቶ እርግጠኛ ካልሆኑም አይድገሙ። አንድ መርፌ መቅረቱ ሁለቴ ከመወጋቱ እጅግ ይሻላል። እናትዎም የሚያግዙ ከሆነ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ የወጋ ሰው ወዲያው ምልክት ያድርግ።

ስኳሩ ከመጠን በላይ ሲወርድ ይደክማል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ሲብስ ይንፈራገጣል። መብላት ከቻለ ወዲያው ምግብ ይስጡት። ካልቻለ ማር በጣትዎ ድዱ ላይ ይቀቡት፣ አፉ ውስጥ አያፍስሱ፣ ትን ይለዋል። እየተንፈራገጠ ከሆነ ጣትዎን ጥርሱ መሃል አያስገቡ። ቢሻለውም እንኳ ኢመርጀንሲ ይውሰዱት፣ ኢንሱሊኑ ገና እየሠራ ስለሆነ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የማር ብልቃጥ ቤትዎ አይጥፋ። በተቃራኒው መብላት አቁሞ፣ እያስመለሰና ፈዞ ከተኛ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ደም ውስጥ የሚከማች አሲድ) ሊሆን ይችላልና እስከ ነገ አይጠብቁ።

ከቻሉ የስኳር መለኪያ ይግዙ። የሰው መለኪያ በድመት ደም ላይ ብዙውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ እንደ አልፋትራክ ያለው ለእንስሳት የተሠራው ይሻላል። ከጆሮው ጠርዝ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ክሊኒክ ውስጥ ድመት ስለሚጨነቅ ብቻ ስኳሩ ይጨምራል፣ ስለዚህ የቤት ልኬት ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመርፌ በፊት መለኪያው ላይ ከ150 (mg/dL) በታች ካዩ ሳይደውሉ አይውጉ። ከ60 በታች ከሆነ አደጋ ነው። በዚያው መጠን እየወጉት ቁጥሩ እየወረደ ከመጣ ግን ምናልባት ጥሩ ዜና ነው፣ ቶሎ ከታከሙና ምግባቸው ከተስተካከለ ድመቶች ውስጥ ብዙዎቹ ኢንሱሊን እስከ ማቆም ይደርሳሉ። መቀነሱንም ማቆሙንም ሐኪሙ ይወስን።

ክኒኑን በተመለከተ፣ አለ። በአሜሪካ ቤክሳካት በ2022 መጨረሻ፣ በፈሳሽ መልክ የሚሰጠው ሴንቬልጎ ደግሞ በ2023 ተፈቅደዋል። ሁለቱም የተፈቀዱት ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ላልወሰዱና ሌላ ሕመም ለሌለባቸው ድመቶች ነው። እነሱን እየወሰደ የደም ስኳሩ ደህና መስሎ ኪቶን ሊነሳበት ስለሚችል ክትትሉ ጥብቅ ነው። ስለዚህ መርፌውን ገና ካልጀመሩለት ከመጀመርዎ በፊት ዛሬ ደውለው ይጠይቁ። ጀምረው ከሆነ በኢንሱሊኑ ይቀጥሉ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮም የበላውን፣ የጠጣውን ውኃ፣ የመርፌውን ሰዓትና ክብደቱን ጽፈው ይዘው ይሂዱ።