የካቢኔት ቀለም ሲረጭ ለምን የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል?

ጥያቄ፦ «የወጥ ቤት ካቢኔት በሮችን ነጭ ባለሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጭ ቀለም) በስፕሬይ ቀባሁ። ኮምፕሬሰሬ ባለ 50 ሊትር ነው፤ ጋኑ (መርጫ ሽጉጡ) ኤችቪኤልፒ፣ ማለትም ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚረጭ ሲሆን ኖዝሉ (ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ) 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግፊቱን 2 ባር ላይ አድርጌዋለሁ። የበሩ መሃል እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥባጣ ሆነ፤ ዳር ዳሩ ሲዳሰስ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቲነር ስጨምርበት ደግሞ ወረደብኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ መሃል ላይ ያለው ልጣጭና ዳር ላይ ያለው አሸዋ አንድ ችግር አይደሉም። ሁለቱንም በቲነር ለማስተካከል ስለሞከሩ ነው መውረዱ የተጨመረብዎ።

ቀለም የሚለሰልሰው ጠብታዎቹ ደቀቅ ብለው፣ እርጥብ እንደሆኑ ሲያርፉና ሳይደርቁ እርስ በርስ ሲዋሃዱ ነው። ጠብታው ትልቅ ከሆነ ተዋህዶ ሳይተኛ ይጠጥርና ልጣጭ ይመስላል። አየር ላይ እያለ ከደረቀ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ይወድቃል፤ አሸዋ የመሰለዎት እሱ ነው።

ለልጣጩ መጀመሪያ የሚመረመረው አየሩ ነው። 2 ባር ያሉት የት ላይ የተነበበ ነው? ኮምፕሬሰሩ ላይ ባለው ጌጅ (የግፊት መለኪያ)፣ ያውም የጋኑ ምላጭ ሳይሳብ ከሆነ፣ ቁጥሩ ብዙም አይጠቅምዎትም። አየር መፍሰስ ሲጀምር ጎማው፣ ማያያዣዎቹና የውሃ ማጣሪያው ግፊቱን ይበሉታል። ትንሽ ጌጅ ጋኑ እጀታ ሥር ይግጠሙና ምላጩን እስከ መጨረሻው ስበው ይያዙ፤ ትክክለኛው ግፊት ያኔ የሚያዩት ነው። ለብዙዎቹ ኤችቪኤልፒ ጋኖች እዚያ ቦታ ላይ 2 ባር አካባቢ ይበቃል፤ ጋኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ ግን እሱን ይከተሉ። የጎማው የውስጥ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ8 ወይም በ10 ይቀይሩት፤ ርዝመቱም ከ10 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ከግፊቱ ሌላ የአየሩ መጠንም አለ። ኤችቪኤልፒ ጋን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ250 እስከ 400 ሊትር አየር ይፈልጋል፤ ባለ 50 ሊትር ትንሽ ኮምፕሬሰር ግን ያን ያህል ያለማቋረጥ አይሰጥም። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚስበውን አየር የሚናገር ነው፤ የሚሰጠው ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ የበሩ የመጀመሪያ ግማሽ አምሮ ሁለተኛው ግማሽ ልጣጭ ከሆነ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፣ አየሩ አልቆ ነው። ኮምፕሬሰር መቀየር ካልቻሉ ብዙ አየር የማይበላ ጋን ከ1.2 ወይም ከ1.3 ኖዝል ጋር ይጠቀሙ። እሱም ካልሆነ አንድ ገጽ ቀብተው ታንኩ ሞልቶ ሞተሩ እስኪቆም ይጠብቁ።

ቅጥነቱን በዓይን አይገምቱ። ማጠንከሪያውን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይጨምሩ፤ እሱን ማብዛት ወይም መቀነስ ቀለሙን አያቀጥንም፣ አደራረቁን ያበላሻል። ቲነር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ መለኪያ ኩባያ (ዲን 4) ይሙሉና ፈሳሹ ያለማቋረጥ ወርዶ ክሩ እስኪቆረጥ ሰከንድ ይቁጠሩ። ቀለሙ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ከ18 እስከ 22 ሰከንድ ቢወስድ ለእንዲህ ያለው ኖዝል ጥሩ መነሻ ነው። ከበለጠ 5 በመቶ ቲነር ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ቀለም በራሱ ይወፍራልና ለብ ሳይል አይለኩት።

በሩን ከመንካትዎ በፊት ካርቶን ላይ ይሞክሩ። ካርቶኑን ያቁሙና ጋኑ አፍ ላይ ያለውን የአየር ቆብ ሩብ ዙር አዙረው ርጭቱ አግድም እንዲሰፋ ያድርጉ። ጋኑን ሳያንቀሳቅሱ ቀለሙ መውረድ እስኪጀምር ምላጩን ይያዙ። የሚወርዱት መስመሮች ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆኑ ጋኑ ተስተካክሏል። መሃሉ ላይ ከረዘሙ ግፊቱ አንሷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል፤ ሁለቱ ጫፎች ረዝመው መሃሉ ካጠረ ግፊቱ በዝቷል። ርጭቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ቆቡን ግማሽ ዙር ያዙሩት። ማጋደሉ አብሮ ከዞረ የተደፈነው የቆቡ ቀዳዳ ነው፣ ካልዞረ ችግሩ ኖዝሉ ላይ ነው። ቀዳዳውን በቲነር ነክረው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት እንጂ በሽቦ አይጎርጉሩት፤ ትንሽ ከተጫረ ቆቡ ተበላሸ ማለት ነው።

ወደ አሸዋው እንምጣ። በሩን ገጹን ቀብተው ጠርዙን መጨረሻ ላይ ረጭተው ከሆነ ብናኙ መድረቅ በጀመረው ገጽ ላይ አርፏል። መጀመሪያ አራቱን ጠርዞች፣ ቀጥሎ ቅርጽና ጎድጓዳ ያለበትን፣ ገጹን ደግሞ መጨረሻ ይቀቡ። በሩን አጋድመው ከእርስዎ በኩል ካለው ጫፍ ይጀምሩና ወደ ፊት ይሂዱ፤ ብናኙ ገና ወዳልተቀባው በኩል ከሄደ ቀጣዩ እርጥብ መስመር ይውጠዋል። አየር ማውጫ ማራገቢያ ካለም በዚያው አቅጣጫ ይሁን። የጋኑ ርቀት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እጅዎ እንደ በር ማጠፊያ አይዙር፣ ከበሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ፤ ክንድ ሲዞር ጫፎቹ ላይ ርቀቱ ይጨምራልና ቀለሙ ደርቆ ይደርሳል። ምላጩን ከበሩ ውጭ ስበው ከበሩ ውጭ ይልቀቁ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሽ ይሸፍን። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ግፊት ከመጨመር ይልቅ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ይጠቀሙ።

ፍጥነትዎን የሚያስተምርዎ መብራት ነው። ከበሩ ማዶ ዝቅ ያለ አምፖል ያብሩና ከጋኑ ኋላ የሚቀረውን ነጸብራቅ እያዩ ይርጩ። ነጠብጣቦቹ በሰከንዶች ውስጥ ተያይዘው አምፖሉ እርጥብ መስታወት ላይ እንዳለ ጥርት ብሎ ከታየ ልክ ነው። ነጠብጣቦቹ ተለያይተው ከቀሩ ፈጥነዋል ወይም ርቀዋል። የአምፖሉ ምስል እየተሳበ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ በዝቷል፣ ሊወርድ ነው።

አሁን የተበላሹትን በሮች አይግፈፏቸው። ሁለት ቀን ያህል ይጠንክሩ። የወረደውን በስለታም ምላጭ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ፤ ውስጡ ለስላሳ እያለ ከነኩት ይቀደዳል። ቀጥሎ ሙሉውን ገጽ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያሹ። ሲታሽ ጉብታዎቹ ይደበዝዛሉ፣ ጉድጓዶቹ ግን እንደ ጥቃቅን ዓይን ያበራሉ። የሚያበራ ነጥብ እስካለ ድረስ ልጣጩ አለ፤ ሁሉም እኩል ሲደበዝዝ ያቁሙ። ጠርዝ ላይ አይጫኑ፣ እዚያ ቀለሙ ስስ ነው። እንጨቱ ከታየ ያንን ቦታ ፕራይመር ይቀቡና ሲደርቅ በ320 መልሰው ይሹት። ከዚያ አቧራውን በቫኪዩም ይሳቡ፣ በሚጣበቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ይርጩ። ያልታሹ አሮጌ በሮች ከቀሩዎት ከማሸትዎ በፊት ቅባታቸውን በሳሙናና በውሃ ያውጡ፤ ቅድሚያ ከታሸ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባና ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ እየሸሸ ክብ ክብ ቀዳዳ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ይህ ቀለም ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለበት፤ የአቧራ ጭምብል አያቆመውም፣ ሽታውም አደጋውን አያስታውቅም፤ ሳንባን ለዘለቄታው ሊያስቆጣ ይችላል። ቢቻል ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ጭምብል ያድርጉ። ካልተገኘ ቢያንስ የጋዝና የብናኝ ካርትሪጅ ያለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ጭምብል ይሁን፤ ጓንትና መነጽርም አይቅር። ክፍሉ ውስጥ እሳትና ብልጭታ የሚያወጣ ነገር አይኑር።

በሮቹ በሰዓታት ውስጥ ሲነኩ የደረቁ ይመስላሉ፤ ሆኖም በማግስቱም ቢሆን አይደራርቧቸው። ማጠፊያና እጀታ ከመግጠምዎ በፊት ጥቂት ቀን ይስጧቸው፤ ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከሳምንት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አይታሹ።