የጠፋው ዲኤልኤል ከየት ይምጣ?

አንዲት እህት ከመሐል ሜዳ ጻፈችልኝ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሟን ስትከፍት «ቪሲራንታይም140 ዲኤልኤል አልተገኘም» የሚል መልእክት መጣባት። ፋይሉን በስሙ ፈልጋ ከአንድ ድረ ገጽ አወረደችና ሲስተም32 በሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ከተተችው። አሁን ደግሞ «ዜሮ ኤክስ ሲ 000007 ቢ» የሚል ቁጥር እያሳየ አልከፈት ብሏታል። «ፎርማት ላስደርገው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ፎርማት አታስደርጊ። የደንበኛ ሥራ ያለበት ማሽን ለአንድ ፋይል ተብሎ አይጠረግም።

ዲኤልኤል ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠራዋል። ካጣው ወይም ተበላሽቶ ካገኘው ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ ፋይሉ የማን እንደሆነ ነው። ያንቺው ማይክሮሶፍት የሚያወጣው የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል ጥቅል አካል ነው። ኤምኤስቪሲፒ140ም እንዲሁ። ስሙ በዲ3ዲኤክስ9 ከጀመረ የዳይሬክትኤክስ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት የጌምና የግራፊክስ ጥቅል ነው፤ ቆየት ያሉ ጌሞች ይጠይቁታል። የፕሮግራሙ የራሱ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመጣው ካወረድሽው ፋይል ይመስለኛል። ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32 የሚይዘው ባለ64 ቢት ፋይሎችን ነው። ባለ32 ቢቶቹ የሚቀመጡት ሲስዋው64 በሚባለው ፎልደር ነው። አዎ፣ ስማቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ስንቱን ሰው አሳስቷል። ባለ64 ቢት ፕሮግራም ባለ32 ቢት ፋይል ሲሰጡት ያንን ቁጥር ያወጣል። ነጠላ ዲኤልኤል የሚያድሉ ድረ ገጾችን ደግሞ እባክሽ ተያቸው። የፋይሉ ቨርዥን አይታወቅም፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣም ይችላል።

አሁን ያስገባሽውን ፋይል ብቻ አጥፊ፣ ሌላ አትንኪ። ከዚያ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የቅርቡን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል ጥቅል አውርጂ። ኤክስ86ም (ባለ32 ቢቱ) ኤክስ64ም (ባለ64 ቢቱ) ያስፈልጉሻል፤ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሁለቱም ዓይነት ፕሮግራም ይሠራልና። ተደምረው 50 ሜጋባይት አይሞሉም። ፍላሽ ላይ አስቀምጫቸው፣ ነገ ለሌላ ማሽን ይሆኑሻል። «ቀድሞ ተጭኗል» ካለሽ ሪፔር የሚለውን ምረጪና ሪስታርት አድርጊ።

ፋይሉ በየጊዜው የሚጠፋብሽ ከሆነ አንቲቫይረሱን እዪው። ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ የገባ ቫይረስ ፋይሉን ነክቶት ከሆነ አንቲቫይረሱ ፋይሉን ለይቶ ቆልፎበት ይሆናል። ዝም ብለሽ እንዳትመልሺው።

የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሲበላሽ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ የዊንዶውስን ፋይሎች የሚጠግኑትን ሁለት ትእዛዞች፣ መጀመሪያ የዲአይኤስኤምን ሪስቶር ሄልዝ፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲ ስካን ናውን አስኪጂ። የመጀመሪያው የጎደለውን ከዊንዶውስ አፕዴት ስለሚያመጣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራት በቀን ሦስቴ አራቴ እየሄደ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ ለዴስክቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየውን ባትሪ) ግዢለት። አፕዴት እየተጫነ መብራት ድርግም ሲል ፋይል በግማሹ ተጽፎ ሊቀር ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም የተለያዩ ፋይሎች ተራ በተራ ከተበላሹ ሀርድ ዲስኩ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምንም ምርመራ ሳትጀምሪ የደንበኞችሽን ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ።