መብራት ሲጠፋ፣ ፊልተር ሲታጠብ፦ ስለ አኳሪየም ባክቴሪያ ጥያቄና መልስ

ስለ ፊልተር ባክቴሪያ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ስለመጣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የባህር ውሃ አኳሪየም ያላችሁ ይቅርታ፣ እዚህ የማወራው ስለ ጨው አልባው ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ጋሼ፣ ፊልተሬን በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ ጥርት አድርጌ አጥባለሁ። ባጠብኩ ማግስት ግን ውሃው ይደፈርሳል፣ ዓሣዎቹም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ከዚህ በላይ እንዴት ላጽዳ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያውም ቀንሺ። ስፖንጁ ላይ የሚያሙለጨልጨው ቡናማ ነገር ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እሱ ውስጥ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ የተሠራው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ ያንቺን ከሌላው አይለይም። እነሱ ሲያልቁ አሞኒያው የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ናይትራይቱ ደግሞ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ አፍ የሚያስከፍታቸው ይኼ ነው።

ውሃ በምትቀይሪበት ቀን ከገንዳው የቀዳሽውን አሮጌ ውሃ በባልዲ ያዢ። ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ነክረሽ ሁለት ሦስቴ ጨምቀሽ መልሺው። ባልዲው አተላ ይመስላል፣ አትደንግጪ። ስፖንጁ ቡናማ እንደሆነ ከተመለሰ በደንብ ታጥቧል ማለት ነው። ሳሙና በጭራሽ። በየሳምንቱም አያስፈልግም፤ የሚወጣው ውሃ ጉልበቱ ሲደክም ያኔ ታጥቢያለሽ።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያዎቹ ስማቸው ማን ነው? አንዱ ናይትሮባክተር ይላል፣ ሌላው ናይትሮስፒራ።

መልስ፦ ናይትሮባክተር የድሮ መጻሕፍት መልስ ነው። በ1998 (በፈረንጆች) የታተመ ጥናት በጨው አልባ አኳሪየም ውስጥ ናይትራይቱን የሚበላው በዋናነት የናይትሮስፒራ ወገን መሆኑን አሳየ። በ2015 ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን ሥራ ብቻውን የሚጨርስ ናይትሮስፒራ አገኙ፤ አንዱ ቡድን ያገኘው ከዓሣ እርባታ ፊልተር ነው። ለእኛ ግን ስሙ ምንም ቢሆን አያያዙ አንድ ነው።

ጥያቄ (ከአያት)፦ መብራት አንዳንዴ ለስድስትና ለሰባት ሰዓት ይጠፋብናል። ያለኝ ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ዝግ ፊልተር ነው። ባክቴሪያው ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ይኼ ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው።

ባክቴሪያውን የሚጎዳው ረሃብ አይደለም፤ ያለ ምግብ ብዙ ቀን ይታገሳል። የሚጎዳው አየር ማጣት ነው። ዝግ ፊልተር ውስጥ የቀረው ውሃ ብዙ ባክቴሪያና ብዙ ቆሻሻ ይዞ ስለታሸገ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ መሽተት ይጀምራል።

የውጭ አገር ሰዎች የሚሰጡትን የሰዓት ስሌት ደግሞ እንዳለ አትውሰድ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እዚያ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ቢይዝ እዚህ 6 ነው። እኛ የምንጀምረው ከጎደለ ነው።

ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ፊልተሩን ክፈተው። ስፖንጁንና ሴራሚኩን (ባክቴሪያው የሚኖርበትን ባለ ቀዳዳ ሸክላ) አውጥተህ ገንዳው ውስጥ አስገባቸው፣ ወይም ሰፊ ሳፋ ላይ ዘርግተህ የገንዳ ውሃ እያርከፈከፍክ እርጥብ አድርገህ አቆያቸው። እርጥብ ሆኖ አየር ላይ መቆየት፣ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ከመቆየት ይሻላል። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኘህ ግዛ፤ ለዓሣውም ለባክቴሪያውም ይሆናል። ዓሣውን እስከዚያ አታብላ።

መብራት ሲመጣ ፊልተሩን ሳትከፍተው ቆይተህ ከሆነ ዝም ብለህ አታስነሳው። ውስጡ የተኛውን ውሃ ድፋ፣ በገንዳ ውሃ አለቅልቅ፣ ከዚያ አስነሳ። አለዚያ ያ የሸተተ ውሃ በሙሉ ዓሣው ላይ ይለቀቃል። ብዙ ሰው ዓሣ የሚሞትበት መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው።

ጥያቄ (ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ)፦ አዲስ አበባ እያለሁ ውሃ በባልዲ አሳድሬ ነበር የምቀይረው። እዚህም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ የሚለመደው ተራ ክሎሪን ነው፤ አፉ ክፍት ባልዲ ውስጥ ቢያድር፣ በተለይ አየር ከተነፋበት፣ ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲና አርሊንግተን የሚጠጡት ውሃ ግን ክሎራሚን አለበት፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ማለት ነው። እሱ ቢያድርም አይተንም። የውሃ ማስተካከያ ጠብታ ግዛ፣ ለክሎራሚንም እንደሚሆን ጠርሙሱን አንብብ። በየዓመቱ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ቧንቧውን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳሉ፤ ሽታው ሲጠነክር እሱ ነው። ያኔም ጠብታውን አትተው።

ጥያቄ፦ ዓሣዬ ክንፉ እየተበላ ነው። ፋርማሲ ያለውን ቴትራሳይክሊን ከፍቼ ገንዳው ውስጥ ልበትን?

መልስ፦ ተው! ፊልተርህንም አብረህ ታክመዋለህ፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይጎዳብሃል። የታመመውን ለብቻው በሌላ ዕቃ፣ ከአየር ፓምፕ ጋር አድርገው። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ የዓሣ መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ደግሞ ክንፍ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ስለተበላሸ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት ውሃውን ቀይር።

ጥያቄ (ከለቡ)፦ ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ለአሥር ቀን እንሄዳለን። ፊልተሩን አጥፍተን ብንሄድ?

መልስ፦ ሂተሩም ፊልተሩም እንደበሩ ይቆዩ። ጤነኛ ትልልቅ ዓሣ አሥር ቀን ሳይበላ ይቆያል፣ በስንጥቡ የሚያወጣው አሞኒያም ባክቴሪያውን ያቆየዋል። የጎረቤት ልጅ እንዲያበላ ካዘዛችሁ በየቀኑ የሚጨምረውን በወረቀት ቋጥራችሁ ስጡት፣ የምግቡን ቆርቆሮ ደብቁ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ)፦ ውሃ ብዙ አልቀይርም፤ ፊልተሬ ድሮ ጥሩ ነበር፣ አሁን ውሃውን ስለካው አሞኒያ ያሳያል። ምን ነካው?

መልስ፦ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ለካችሁ? ባክቴሪያው አሞኒያ ሲበላ ውሃው ውስጥ ያለውን አልካላይን (አሲድ የሚያበርደውን) አብሮ ይጨርሳል። ውሃ ካልተቀየረ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ከ6 በታች ሲሆን ሥራው ሊቆም ይደርሳል። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግረው የድሬዳዋ ውሃ ለዚህ ጥሩ ነው፤ እዚያ ያላችሁት ሌላ ምክንያት ፈልጉ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀትና የአየር እጥረት ነው።

ለስላሳ ውሃ (ማንቆርቆሪያ ላይ የማይጋግር) ያላችሁ ግን ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ እንዳትገለብጡ። ፒኤች 7 ላይ አሞኒያው ከመቶ አንዱ እንኳ መርዘኛ አይደለም፤ 8 ላይ ከመቶ አምስት ያህሉ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከፍ ካደረጋችሁት ዓሣውን ራሳችሁ መረዛችሁት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውሃ በመቀየር መልሱት።

ጥያቄ፦ በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ይሠራል?

መልስ፦ አንዳንዱ። ፀሐይ መስኮት ላይ የከረመ ጠርሙስ ላይ ግን ብር አታጥፉ። ጤነኛ ዓሣ ካለው ጓደኛ አሮጌ ስፖንጅ መለመን ይበልጣል፤ እርጥብ አድርጋችሁ፣ አየር ያለው ፌስታል ውስጥ፣ በዚያው ቀን።

ጥያቄ፦ ስፖንጄ ተበጣጥሷል፣ መቀየር አለበት። ሁሉንም እንደ አዲስ ልጀምር?

መልስ፦ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስገባና አንድ ወር ያህል አብረው ይሥሩ፤ ከዚያ አሮጌውን አውጣ። ቦታ ከሌለ አሮጌውን ለሁለት ቁረጠው፣ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በወሩ ቀይር።