ባዶውን የሚሄድ፣ ጭነት ሲይዝ የሚጠፋ ፎርክሊፍት

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ደሴ መጋዘን ያለው ባለ 48 ቮልት የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ባዶውን ይሄዳል፣ ጭነት ሲያነሳ ድርግም ይላል፣ ቁልፉን አጥፍተህ ስታበራው ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። ባትሪው በቴስተር 50 ቮልት ስላሳየ ደግሞ «ኮንትሮለሩ (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ነው» ተባልክ። እባክህ ገና አትግዛ!

50 የለካኸው ማሽኑ ቆሞ ነው። ቆሞማ የደከመ ባትሪም ጥሩ ቮልት ያሳያል። ጭነት ላይ ለካው። ሹፌሩ ባለበት ቆሞ ከባድ ነገር ያንሳ፣ ሹካው ስር ማንም እንዳይቆም፣ አንተ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገህ ቀዩን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጀምረህ ሶኬቱን (ባትሪው ከማሽኑ የሚገናኝበትን)፣ ፊውዙን፣ ኮንታክተሩን (ዋናውን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) በሁለቱም ጎን እያልክ እስከ ኮንትሮለሩ መግቢያ ውሰደው። ቮልቱ በአንዴ የወረደበት ቦታ ነው በሽታው። የኔጌቲቩን መስመርም አትርሳ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

እኔ የምሠራበት ኮምቦልቻ አንድ ማሽን እንዲሁ ኮንትሮለሩ ሞቷል ተብሎ ሁለት ወር ቆመ። አልዋሽም፣ እኔም አምኜ ነበር። በኋላ ጭነት ላይ ስንለካ ባትሪው ጋ 47፣ ከሶኬቱ ወዲያ 36! ስንፈታው አንዱ ፒን ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ለካ ቻርጅ ሊያደርጉ ሲሉ ሶኬቱን በገመዱ እየጎተቱ ነበር የሚነቅሉት። ኮንትሮለሩ ምን ያድርግ፣ ቮልት ሲያንሰው ራሱን ለማዳን ይዘጋል።

ባትሪው ራሱ ላይ ከወረደ 24ቱንም ሴል (ባትሪው የተሠራባቸውን ባለ 2 ቮልት ክፍሎች) አንድ በአንድ፣ አሁንም ጭነት ላይ ለካ። ሌሎቹ 1.9 አካባቢ ሆነው አንዱ ብቻውን 1.6 ከገባ እሱ ነው የሚጥልህ። ውሃውንም እየው። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፣ እሱም ቻርጅ ካለቀ በኋላ፣ የቧንቧ ውሃ እንዳታስነካው። የእናንተ የደሴ ብርድም ጠዋት ጠዋት ባትሪውን ያሰንፈዋል፣ እኛ ታች ያለነው በዚህ እንኳን ተርፈናል።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል። ከነቀልክም በኋላ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ቻርጅ ይይዛል፣ መግቢያው ላይ ለክተህ ዜሮ መድረሱን ሳታይ እንዳትነካው። ቀለበትና ሰዓትህንም አውልቅ። 48 ቮልት ባያነዝርህ እንኳ በብረት ከተገናኘ ጣት ያቃጥላል።

ከሶኬቱ በፊትና በኋላ ስንት እንዳገኘህ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።